ስለ ቍጥሮች አካፋዮች ብዛትና ስለ አንድ ሊቅ ግምት



ከ1 በላይ የሆነ ቍጥር፥ ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ ሲከፈል ቀሪ የሚያስተርፍ እንደ ሆነ፥ ብቸኛ ቍጥር ይባላል፤ 2፥ 3፥ 5፥ 7 እንዲህ ያሉ ናቸው። የቀሩት ሁሉ ብቸኞቹ እርስ በርሳቸው ተባዝተው የሚያስገኟቸው ናቸው። 12 ቢፈታ 2 ጊዜ 2 ጊዜ 3 ነው፤ 2 ሁለት ጊዜ ስለ መጣ ሁለት ጊዜ ይቈጠራልና የብቸኛ አካፋዮቹ ብዛት ሦስት ነው። ጎረቤቱ 13 አንድ ብቻ፥ 14 ሁለት፥ 15 ሁለት፥ 16 አራት አለው። 33፥ 34ና 35 ተከታትለው ሁለት ሁለት አላቸው። አንዱን አይቶ የሚከተለውን መገመት ያስቸግራል።

እንግዲህ ቍጥሮቹ በሁለት ወገን ይቁሙ፤ የአካፋዮቻቸው ብዛት ጎዶሎ የሆነ በአንድ ወገን፥ ሙሉ የሆነ በሌላው። 1 ብቸኛ አካፋይ ስለሌለው ብዛቱ ባዶ ነው፤ ባዶም ከሙሉ ወገን ይገባል፤ ተማሪ ይህን ሰምቶ ቢስቅ አይፈረድበትም። እስከ 10 ቢቈጠር ሁለቱ ወገኖች አምስት አምስት ሆነው ይተካከላሉ። እስከ 20 ግን ጎዶሎዎቹ 12፥ ሙሉዎቹ 8 ይሆናሉ። መምህሩ በሰሌዳ ላይ ከ2 ጀምሮ እስከ 100 ቢቀጥል፥ ሙሉዎቹ ቢበዛ ይተካከላሉ እንጂ አንድ ጊዜ እንኳ ሲበልጡ አያይም።

እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1919 ዓመት የሁንጋሪያ ተወላጅ የሆነው ሊቅ ጊዮርጊ ፖልያ እስከ 1500 ገደማ መረመረ፤ ነገሩም ጸና። ስለዚህ ሙሉዎቹ ከቶ አይበልጡም ብሎ ገመተ። ግምቱ ቢረጋገጥ ኖሮ፥ ጀርመናዊው ሪማን በ1859 ያቀረበውና እስከ ዛሬ ያልተፈታው ታላቅ ጥያቄ አብሮ በተፈታ ነበር፤ ስለዚህም ብዙ ሊቃውንት ተመኙት።

በ1958 እንግሊዛዊው ብራያን ሐዝልግሮቭ ግምቱ ሐሰት መሆኑን አስረዳ። የሚሰበርበትን ቍጥር ግን በጣቱ ሊያመለክት አልቻለም። ሌባ በቤት መኖሩ ታውቆ የተደበቀበት ማእዘን እንደ ጠፋ ያለ ነገር ነው። በ1960 ሼርማን ሌህማን 906180359 ላይ አገኘው። በ1980 ደግሞ ጃፓናዊው ሚኖሩ ታናካ የመጀመሪያው 906150257 መሆኑን አሳየ። ሰው በየሰኮንዱ አንድ ቍጥር እየፈታ ሌትና ቀን ቢቈጥር፥ እዚያ ለመድረስ ከ28 ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ በዚያም ሙሉዎቹ 453075129፥ ጎዶሎዎቹ 453075128 ሆነው ያገኛቸዋል።