በጠባብ ቦታ ብዙ ስለ መጻፍ



ዛሬ ልናገርላት የቆምኩት ትንሽ ነገር ፍሎፒ ዲስክ ናት። ሶኒ ኩባንያ በ2011 እ.ኤ.አ. ሽያጯን ስላቆመ ከእኛ ከተማሪዎች ብዙዎቹ አላዩዋት ይሆናል። ነገር ግን በጠባብ ቦታ ብዙ ነገር ማኖር እንዴት እንደሚቻል፥ ዋጋውም ምን እንደ ሆነ ታስተምረናለች።

ባለ ሦስት ተኩል ኢንች ዲስክ ሁለት ገጽ አላት። በእያንዳንዱ ገጽ 80 ክብ መሥመሮች፥ በእያንዳንዱ መሥመር ሴክተር የሚባሉ 18 ክፍሎች አሉ። አንዱ ክፍል 512 ባይት ይይዛል፤ ጠቅላላው 1,474,560 ባይት ነው። በክፍልና በክፍል መካከል ግን እንደ እርሻ ድንበር ያለ ባዶ ቦታ ይተዋል። ይህም በከንቱ አይደለም። የማዞሪያ ሞተሮች ፍጥነት ጥቂት ስለሚለያይ፥ አንዱ ክፍል እንደገና ሲጻፍ ጎረቤቱን እንዳያጠፋ ነው።

ባለሙያዎች ይህን ድንበር አጥብበው በአንድ መሥመር 21 ክፍል አገቡ፤ 1,720,320 ባይትም ተገኘ። ማይክሮሶፍት በ1995 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ 95ን በፍሎፒ ሲሸጥ በዚህ ዘዴ ተጠቅሟል። ቶምዝ ሩት ቡት የተባለችው ዲስክ ደግሞ መሥመሮቹን 82 አድርጋ 1,763,328 ባይት አገኘች፤ ሊኑክስንም ከነመጠገኛው ያዘች። ኮምፒዩተሩ አልነሣ ያለው ሰው በእርሷ አስነሥቶ ጽሑፎቹን ለማዳን ይችል ነበር።

ይሁን እንጂ ማስነሣቱ ጥንቃቄ ይሻል። ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከዲስኳ አስቀድሞ የሚያነበው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። በዚያ የተጻፈው አጭር ፕሮግራም የቀረውን ያስነብባል። እርሱም በመሥመሩ 18 ክፍል ብቻ አለ ብሎ ከቈጠረ መንገድ ይስታል። ስለዚህ ቍጥሩ 21 መሆኑን አስቀድሞ እንዲያውቅ ተደርጎ ይሠራል። ደግሞም እስከ 82ኛው መሥመር የማይደርሱ ማንበቢያዎች አሉ።

እንግዲህ ትርፉ ቦታ ከየት መጣ? ለጥንቃቄ ከተተወው ድንበር ተቈርሶ ነው። አንድ ጊዜ ተጽፋ ብዙ ጊዜ ለምትነበብ፥ ብትበላሽም በሌላ ለምትተካ የማስነሻ ዲስክ ይህ ተገቢ ነው። ሌላ ቅጂ የሌለውን፥ በየቀኑም የሚታረመውን ማስታወሻውን በዚህ ዓይነት ዲስክ የሚያኖር ሰው ግን ጥቂት ቦታ አገኛለሁ ሲል ሁሉን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ ባዶ ቦታ ባየን ጊዜ ለመሙላት ከመቸኰላችን በፊት ለምን እንደ ተተወ እንጠይቅ።