የጋቢ ጠርዝ፤ በመኪና ወይስ በእጅ?
(ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



ጋቢ ከሸማኔው እጅ ሲወጣ ገና አላለቀም። ድርና ማጉ ተዋሕደው ሸማ ሆነዋል እንጂ፥ ለልብስነት የሚበቃው አራቱ እጥፍ ተደራርቦ፥ ዳር ዳሩ ተዘምዝሞና ጥለቱ በቦታው ተሰፍቶ ነው። ይህ የመጨረሻ ሥራ ብዙ ጊዜ በሌላ ሰው የሚፈጸም በመሆኑ ስለ እርሱ የሚነገረው ጥቂት ነው። ጋቢው በመጀመሪያው እጥበት ሲጨማደድ ግን የሚወቀሰው ሸማኔው ነው።

ነገሩን በይፋት ቆላ መመልከት ይጠቅማል። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ሰንበቴንና አጣዬን አልፎ ካራቆሬ ይደርሳል፤ በ1953 ዓ.ም. በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ስሟ በምድር ሳይንስ መጻሕፍት የሰፈረው ይህች ከተማ ናት። አገሩ ሞቃት ስለሆነ ለቆላው ሰው ነጠላ ይበቃዋል፤ ጋቢ አጥብቆ የሚፈለገው ሽቅብ በጣርማ በርና በመንዝ ብርድ ነው። የአርጎባ ሸማኔዎች ሙያ በዚህ አገር ጥንታዊ ነው፤ እሑድ በሚውለው በሰንበቴ ገበያም ቆለኛውና ደገኛው ይገናኛሉ። ከዚህ የተገዛ ጋቢ ርቆ ይሄዳል። ጠርዙ ቢፈታ ገዢው ያንን ሁሉ ዳገት ወርዶ ልብስ ሰፊውን አይጠይቅም፤ ዳግመኛ ከዚያ ሸማኔ አለመግዛት ብቻ ነው።

የስፌት መኪና ለዚህ ሥራ መግባቱ የሚያስነቅፍ አይደለም። አይዛክ ሲንገር በ1851 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበ ወዲህ ስሙ በኢትዮጵያ ገበያ የመኪናው ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ለአቡጀዲና ለካኪ የሚተካከለው የለም። የእጅ ፈትል ግን ሌላ ጠባይ አለው። በእንዝርት የተፈተለ ማግ ልል ነው፤ ሲስቡት ይረዝማል፥ ሲያጥቡት ይሰበሰባል። በመኪናው መርፌ ሥር ያሉት ጥርሶች ደግሞ ይዘው የሚስቡት የታችኛውን እጥፍ ነው፤ የላይኛው በመኪናው እግር ተጭኖ ወደ ኋላ ይቀራል። በአራት እጥፍ ላይ ይህ ልዩነት እየተጠራቀመ ሄዶ ልብስ ሰፊው ከማዕዘኑ ሲደርስ የላይኛው ሸማ ተርፎ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ትርፉን በመቀስ የሚቆርጥ አለ። ከዚህ የከፋ ጥፋት የለም፤ የተረፈው ጨርቅ ሳይሆን አለቦታው የሄደ ጨርቅ ነውና፥ ጋቢው ከዚያ በኋላ አራት ማዕዘኑ አይገጥምም።

ሁለተኛው ችግር የጥለቱ ነው። ጥለት ዛሬ ለብቻው ተሸምኖ በሜትር ይሸጣል፤ ክሩም ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው። ጋቢው በውሃ ሲሰበሰብ ጥለቱ አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ጠርዙ እንደ ማዕበል ይታጠፋል። የሚበጀው ሸማውም ጥለቱም ሳይሰፉ በፊት ለብ ባለ ውሃ ተነክረው በጥላ ቢደርቁ ነው። ገዢው ውሃ ያልነካው ጋቢ ይመርጣል የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ጥለቱ ጥቂት ሳብ ተደርጎ ይሰፋ፤ ሸማው ሲሰበሰብ ይገናኛሉ።

በእጅ የሚዘመዝም ሰው እነዚህን ችግሮች ገና ሲጀምሩ ያገኛቸዋል። መርፌውን በወጋ ቁጥር እጥፎቹን በጣቱ ይዳስሳል፤ የሸሸውን ወዲያው ይመልሳል። ክሩን ከአንድ ክንድ ባያስረዝም አይጠማዘዝበትም፤ ቋጠሮውንም በእጥፎቹ መካከል ይሰውረዋል። ይሁንና የእጅ ስፌትን ሁሉ ማወደስ ተገቢ አይደለም። ጥድፊያ ያለበት እጅ መርፌውን ያራርቃል፤ በተራራቀው ስፌት ጣት ይገባል፥ አንዱ ሲበጠስም ተከታዩ ይላላል። የመኪና ስፌት የላይኛውና የታችኛው ክር በየነጥቡ ስለሚቆላለፉ እንዲህ በቀላሉ አይተረተርም።

እንግዲህ ለጋቢ የሚስማማው ሁለቱን ማጣመር ነው። አስቀድሞ እጥፎቹ በንጹሕ ምንጣፍ ላይ ተዘርግተው ከመሀል ወደ ዳር በረጅም የእጅ ስፌት ይያያዙ። ቀጥሎ ጥለቱ በፊት ለፊቱ በመኪና ይሰፋ፤ ስፌቱ ሰፋ፥ የመኪናው እግር ጫና ቀለል ይበል፤ ክሩም ጥጥ ይሁን፤ ከሸማው የጠነከረ ሰው ሠራሽ ክር ውሎ አድሮ ለስላሳውን ጥጥ ይቆርጠዋል። በመጨረሻ ጥለቱ ወደ ጀርባ ተገልብጦ በእጅ ይዘምዘም። ድርብርብ የአልጋ ልብስ የሚሠሩ አሜሪካውያንም ብዙዎቹ ጠርዙን ፊቱን በመኪና፥ ጀርባውን በእጅ ይሰፉታል፤ የጨርቁ ጠባይ አስገድዷቸው ከዚያው ደርሰዋል።

የሚቀረው የዋጋው ነገር ነው። ጀርባውን መዘምዘም ረጅሙን ሰዓት የሚወስድ ሥራ ሆኖ ሳለ፥ ሥራው በየቤቱ ለሴቶች ሲሰጥ ክፍያው በጋቢ ቁጥር ብቻ ይቆረጣል። በቁጥር የምትከፈል ሴት መርፌዋን ብታራርቅ ወቀሳው የእርሷ አይደለም። ልብስ ሰፊው ለሸማኔው ዋጋ ሲነግር የመኪናውን ለብቻ፥ የእጁን ለብቻ ለይቶ ይንገር፤ በአንድ ጣት ርዝመት ውስጥ ስንት መርፌ እንደሚወጋም ሥራው ሳይጀመር ይስማሙበት። ሸማኔውም ጋቢውን ለገበያ ከማውጣቱ በፊት ጀርባውን ገልብጦ ይቁጠር።