ጎመናችን የበቀለበት አፈር
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማዕዱ ላይ ያለው ጎመንና ቃሪያ አብዛኛው ከየጓሯችን የመጣ ነው። አገር ቤት ሳለን የምናርሰውን መሬት ታሪክ እናውቅ ነበር። እዚህ አሜሪካ ግን ከእኛ በፊት ማን ምን እንደደፋበት አናውቅም። ስለዚህ ስለ አፈሩ ጥቂት ልንነጋገር ወደድን።

እርሳስ ያለበት የቤት ቀለም በዚህ አገር የታገደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። እርሳስ የተቀላቀለበት የመኪና ቤንዚን ደግሞ በ1996 ታገደ። ሆኖም እርሳስ አይበሰብስም፤ ከአሮጌ ግድግዳ የተላጠው ቀለምና ከጢሱ የረገፈው ዛሬም በአፈሩ ውስጥ አለ።

ተክሉስ ምን ያደርጋል? ዝም ብሎ አይቀበልም። እርሳሱን አብዛኛውን ሥሩ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። ካድሚየም የተባለው ብረት ግን ሾልኮ ወደ ቅጠል ይወጣል። ይህንንም ተክሉ ድኝ ባለበት ፋይቶኬላቲን በሚባል ንጥረ ነገር ያስረውና በሴሉ ውስጥ ባለች ከረጢት ይዘጋበታል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1985 ያስታወቁት የጀርመን ተመራማሪዎች ናቸው።

ልብ እንበል! ተክሉ መርዙን ያስረዋል እንጂ አያጠፋውም። ራሱን ያድናል፤ በላተኛውን ግን አያድንም። በጃፓን በጂንዙ ወንዝ ዳር ከማዕድን ማውጫ የወረደ ካድሚየም የሩዝ እርሻውን በከለው። ሩዙን የበሉት ሰዎች አጥንታቸው እስኪሰበር ታመሙ። በሽታውም «ኢታይ ኢታይ»፣ ማለትም «ያማል፣ ያማል» ተባለ። መንግሥት ምክንያቱን ያመነው በ1968 ነው። ስለዚህ ቅጠሉ ስለለመለመ ብቻ አፈሩ ንጹሕ ነው አንበል።

መፍትሔው ከአቅማችን በላይ አይደለም። ከመዝራታችን በፊት አፈሩን እናስመርምር፤ ብዙ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎች በጥቂት ክፍያ ይመረምራሉ። ከአሮጌ ቤት ግድግዳ ሥር አንትከል። አፈሩ የሚያጠራጥር ከሆነ በሣንቃ ከፍ ያለ መደብ ሠርተን ንጹሕ አፈር እንሙላበት። ኮምጣጣ አፈር ላይ ኖራ፣ በማንኛውም ላይ ብስባሽ መጨመር ብረቱ በቀላሉ ወደ ተክሉ እንዳይገባ ያግዛል። ቲማቲምና ቃሪያ ከቆስጣና ከሰላጣ ያነሰ ይወስዳሉ። የእርሳሱ ዋና አደጋ በቅጠል ላይ የሚቀር አቧራና የልጆች እጅ ስለሆነ ሁለቱንም ደኅና አድርገን እንጠብ።

በመጪው ፀደይ እያንዳንዳችን አንድ ጣሳ አፈር ይዘን ብንመጣና አብረን ብናስመረምር፣ ለልጆቻችን የ10ኛ ዓመት ስጦታ ይሆናል።