እንቁራሪት ስለ መቁጠር
ከቢቸናና ከሞጣ በመጡ ተማሪዎች በኅብረቱ ስብሰባ ላይ የተነገረ



የንግግራችን አርእስት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ጀምሮ ብዙ ተሥቆብናል። አንድ ወዳጃችንማ፣ «ቢቸናና ሞጣ ቅኔ ቆጣሪ እንጂ እንቁራሪት ቆጣሪ ያፈራሉ ብዬ አልጠረጠርሁም» ብሎናል። እውነቱን ነው፤ በዲማ ጊዮርጊስና በደብረ ወርቅ አካባቢ ላደገ ሰው ቅኔ መቁጠር ይቀርበዋል። ስለ እንቁራሪትማ ብዙዎቻችን የምናውቀው ዝሆን አክላለሁ ብላ መሰንጠቋን ብቻ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቤተ መጻሕፍት ነው። በአውሮፓ የእሳት ሳላማንደር የምትባል ፍጥረት አለች። ስትታይ እንሽላሊት ትመስላለች፤ ነገር ግን ቆዳዋ እርጥብ ነው፤ ዝምድናዋም ከእንቁራሪት ጋር ነው። ገላዋ ጥቁር ሆኖ ቢጫ ነጠብጣብ አለበት። በክረምታቸው ብርድ ከድንጋይና ከሥር በታች ተሸሽጋ ትቈያለች፤ ብርዱ ሲያልፍ ወደ ምንጭ ወርዳ ልጆቿን ውሃ ውስጥ ትጥላለች፤ ከዚያም ዝናብ ባለበት ሌሊት ትወጣለች። ነጠብጣቡ በያንዳንዷ ላይ የተለየ ስለ ሆነ፣ እረኛ ቡሬውን ከሰው ቡሬ እንደሚለይ ሁሉ ቆጣሪዎቹም በፎቶግራፍ አንዷን ከሌላዋ ለይተው ከዓመታት በኋላ ያውቋታል።

በሆላንድ ደቡብ ቡንደርቦስ በሚባል ጫካ ሰዎች በየዓመቱ በዚያው መንገድ እየተመላለሱ ይቆጥሯት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2010 አካባቢ ጀምሮ ቁጥሩ በድንገት ወረደ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶው የቀረው አራት ያህል ብቻ ሆነ። ጫካው አልተቆረጠም፤ ውሃውም አልደረቀም። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ2013 ቆዳዋን የሚበላ፣ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ሻጋታ መሆኑ ተገለጠ። ይህ ሻጋታ ከእስያ በእንስሳት ንግድ ሳይመጣ እንዳልቀረ ኋላ ተጽፏል። እኛን የያዘን ግን ሻጋታው አይደለም። አስቀድመው የቆጠሩ ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ ጫካው ያው ጫካ መስሎ ይኖር ነበር።

በአገራችን ሳላማንደር የለችም፤ ከሰሐራ በታች በመላው አፍሪካም አትገኝም። እንቁራሪት ግን ሞልቷል። በኢትዮጵያ ከ60 በላይ ዝርያዎች የታወቁ ሲሆን፣ ከነዚህ ከሲሶው በላይ በሌላ አገር የሉም። ከነዚህም አንዷ የጎጃም ሣር ለሣር የምትኖር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1977 ሌፕቶፔሊስ ያልዴኒ ተብላ በአንድ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሊቅ ስም ተሰየመች። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ አንዲት የሣር እንቁራሪት ፕቲካዴና አምሐረንሲስ ተባለች። እ.ኤ.አ. በ2021 ከደጋችን አራት ዝርያዎች አዲስ ስም ሲያገኙ አንዷ «ዶሮ» የሚለውን ያማርኛ ቃል ይዛ ቀርታለች። በደጃችን ሲጮሁ ያደጉትን ሰው ገና ስም እያወጣላቸው ነው ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ክረምት ለዕረፍት አገር ስንገባ እኩሌቶቻችን ከቢቸና በታች ባለ ጨፌ፣ እኩሌቶቻችን ከሞጣ ወጣ ብሎ ባለ ወንዝ ዳር ቆጠራ ጀመርን። ውጤቱ ምን ሆነ ብትሉ፣ ምንም የማይረባ ሆነ።

በቢቸና በኩል ሁለት ሰዎች ባንድ መንገድ፣ ባንድ ሰዓት፣ የእጅ ባትሪ ይዘው ሄዱ። ሲመለሱ አንዱ ዘጠኝ አለ፣ ሁለተኛው ዐሥራ ሰባት አለ። እስከ እኩለ ሌሊት ከተከራከሩ በኋላ ዘጠኝ ያለው በዓይኑ ያየውን፣ ዐሥራ ሰባት ያለው በጆሮው የሰማውን እንደ ቆጠረ ተገኘ። የሚጮኸው ደግሞ ወንዱ ነው፤ ሴቲቱ ያን ጩኸት አትጮህም። ወንዱም ቢሆን ሰው ሲቀርበው ዝም ይላል። ስለዚህ ሁለቱም የቆጠሩት የተለያየ ነገር ነበር፤ ሁለቱም ያልቆጠሩት ደግሞ ይበልጥ ነበር።

የሞጣዎቹ ስሕተት ከዚህ የባሰ ነው። አንድ ማታ ወጥተው ምንም ሳይሰሙ ተመለሱና፣ «ምን ይጻፋል?» ብለው ደብተሩን ሳይነኩት ተኙ። ዛሬ ያን ባዶ ገጽ ስናየው እንቁራሪት ጠፍቶ ይሁን ወይስ ቆጣሪው ጠፍቶ ይሁን ለማወቅ አንችልም። አለመኖሩም መጻፍ ነበረበት።

እዚያው ወንዝ ዳር አንድ ሽማግሌ ገበሬ ብርሃናችንን አይተው መጡ።

«ምን ጠፋባችሁ፣ ልጆቼ?»

«እንቁራሪት እየቆጠርን ነው፣ አባባ።»

እርሳቸው እንደ እናንተ አልሣቁም። «እኔ ልጅ ሳለሁ በሐምሌ ማታ ከጩኸታቸው የተነሣ ሰው ቤት ውስጥ ሆኖ አይደማመጥም ነበር። ያ ባሕር ዛፍ የቆመበት ሁሉ ጨፌ ነበር። አሁን የት አሉ?» አሉን። ወደ ቤታቸው ወስደው ቆሎ ሲያቀርቡልን ግን ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ሰሙና፣ «እነርሱስ አልጠፉም፤ የጠፋው የርስዎ ጆሮ ነው» አሏቸው። ሁላችንም ሣቅን። በመንገድ ላይ ግን ሣቃችን ቆመ፤ ከሁለቱ ማን እውነት እንደ ተናገረ የሚፈርድ አንድ ቁጥር በአገሩ ውስጥ አልነበረምና።

አሁን፣ «አገሩ ይህን ያህል ችግር እያለበት እንቁራሪት ትቆጥራላችሁን?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እንቁራሪት በቆዳዋ ትተነፍሳለች፤ ውሃም በቆዳዋ ትመጣለች እንጂ እንደ በሬ ጎንበስ ብላ አትጠጣም። በውሃው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ወደ ገላዋ ይገባል። የቢቸና ዋልካ የጤፍ አገር ነው፤ ገበሬውም ቱ ፎር ዲ የሚባለውን ፀረ አረም ይረጫል። ክረምት ነውና ዝናቡ ከማሳው አጥቦ ወደ ጨፌው፣ ከጨፌው ወደ ወንዙ ይወስዳል። ከወንዙ በታች እናቶቻችን እንስራ ይዘው ይወርዳሉ። መድኃኒቱ እንቁራሪቱን ፈጀው አላልንም፤ እንዲህ ለማለት የሚያበቃ ቁጥር የለንም። በሌላ አገር እንቁራሪትን የጨረሰው ሌላው ሻጋታ ደግሞ በኢትዮጵያ እንቁራሪቶች ላይ መገኘቱ በጥናት ታውቋል። ባሕር ዛፉም አለ። ከነዚህ ማንኛው ምን እንዳደረገ የሚጠይቅ ሰው ከመነሣቱ በፊት ስንት እንደ ነበሩ የጻፈ ሰው መኖር አለበት።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ቆጠራ እንዲህ አስበነዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም በሳምንት አንድ ቀን፣ በበጋ በወር አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በዚያው መንገድ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ። በበጋ ዋልካው ሲሰነጠቅ ምንም እንደማይሰማ ብናውቅም ወጥተን ዜሮ እንጽፋለን። በየማቆሚያው ዝም ብለን አምስት ደቂቃ እንቆማለን፤ የታየውና የተሰማው በየዓምዱ ይጻፋል፤ ሁለት ሰው ሳይነጋገር ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ቢለያይ ሁለቱም ይጻፋል እንጂ አይታረቅም። ዝናቡና ብርዱም ይመዘገባል። እንቁራሪቱን በእጅ መያዝ የለም። ሻጋታው በጭቃ ስለሚሄድ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ስንሻገር ጫማ ታጥቦ ይደርቃል። ማታ ከቤት መውጣት በማያስተማምንበት ጊዜ ደግሞ ሰው በደጁ ተቀምጦ የሚሰማውን ይቁጠር፤ በዚያው ደጅ እስከ ተቀመጠ ድረስ እርሱም ቆጠራ ነው። ስለ ጅብ የጠየቃችሁን ወዳጆች፣ እኛም አስበንበታል፤ ለዚህ ነው ሁለት ሰው ያልነው።

ደብተሮቹን አስምረናል። በቢቸና በኩል ሰው ሞልቶልናል። በሞጣ በኩል ሁለት ሰዎችና አንድ የእጅ ባትሪ ይጎድለናል፤ ፈቃደኛ የሆነ ከስብሰባው በኋላ በበሩ በኩል ያገኘናል።