ሕይወት አድን ልምምድና የመሐንዲሱ ድርሻ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



አንድ ሕፃን ተወልዶ ሳያለቅስ ሲቀር በማዋለጃው ክፍል ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በሰከንድ ነው። አዋላጇ ሕፃኑን ታደርቃለች፤ ጀርባውን በማሸት ታነቃቃዋለች፤ ይህ ካልበቃ ጭንብሉን አፍና አፍንጫው ላይ ገጥማ በአምቡ ባግ አየር መስጠት ትጀምራለች። ይህ ሁሉ እንዲደረግ የሚፈለገው በመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ ውስጥ ነው። የሙያው ሰዎች ይህችን ጊዜ «ወርቃማዋ ደቂቃ» ይሏታል። በዚህች ደቂቃ መጽሐፍ መግለጥም ሆነ የበላይ ሐኪም እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም፤ እጅ የለመደውን ብቻ ይሠራል። ስለዚህ የዚህ ንግግር ርእሰ ነገር በአንድ ጥያቄ ሊጠቃለል ይችላል፦ እጅ ይህን ሥራ የሚለምደው የት ነው? በማንስ ላይ?

በቀደመው ልማድ መልሱ «በሕመምተኛው ላይ» የሚል ነበር። ተማሪው ከመምህሩ ኋላ ቆሞ ያያል፤ ተራው ሲደርስ ይሞክራል። ይህ ዘዴ ለብዙ የሕክምና ሥራዎች ሲያገለግል ኖሯል፤ እስትንፋስን ለመመለስ ሥራ ግን አይመችም። አደጋው ሳይጠራ ይመጣል፤ ሲመጣም ለማስተማሪያ የሚተርፍ ጊዜ አይሰጥም። ጥቂት ወሊድ ብቻ በሚታይበት ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ ደግሞ እንዲህ ያለ ሕፃን ሳያጋጥማት ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። በተለመደው አጠራር ሲሙሌሽን የሚባለው አስመስሎ የማሠልጠን ዘዴ የተፈለገው ስለዚህ ነው። አደጋውን በአሻንጉሊት ላይ ደጋግሞ በመፍጠር፣ ስሕተት ማንንም በማይጎዳበት ስፍራ እንዲፈጸምና እንዲታረም ያደርጋል።

የዚህ ሙያ ታሪክ ሲመረመር መሐንዲሱ ከጅምሩ ሐኪሙ አጠገብ ቆሞ ይገኛል። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ፕሮፌሰር የነበሩት ዊልያም ኩወንሆቨን የልብን ምት በኤሌክትሪክ ኀይል ስለ ማስተካከል ሲመራመሩ፣ አብሯቸው የሚሠራው ወጣት መሐንዲስ ጋይ ኒከርቦከር አንድ ነገር ልብ አለ። የመሣሪያው ከባድ ሰሌዳዎች በውሻው ደረት ላይ በተጫኑ ጊዜ፣ ኤሌክትሪኩ ገና ሳይለቀቅ፣ የደም ግፊቱ ከፍ አለ። ግፊቱን ያመጣው ጫናው ራሱ ነበር። ሁለቱ መሐንዲሶች ከቀዶ ሐኪሙ ከጄምስ ጁድ ጋር ሆነው፣ ደረት ሳይከፈት በእጅ ጫና ብቻ ደምን ማዘዋወር እንደሚቻል በ1960 እ.ኤ.አ. አስታወቁ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1956 እ.ኤ.አ. በዴንማርክ ሐኪሙ ሄኒንግ ሩበንና መሐንዲሱ ሆልገር ሄሰ፣ ከተጨመቀ በኋላ በራሱ ተመልሶ አየር የሚሞላውን ከረጢት ለአገልግሎት አብቅተው ነበር። ዛሬ አምቡ ባግ የሚባለው ይኸው ነው።

የአሻንጉሊት ሠሪው ድርሻም ከዚህ አያንስም። ኖርዌያዊው ኦስሙንድ ላርዳል ለስላሳ ፕላስቲክ እየቀረጸ የልጆች መጫወቻ የሚያመርት ሰው ነበር። ትንፋሽ ማቀበልን ለሕዝብ ለማስተማር ይጥሩ ከነበሩት ሐኪሞች ከፒተር ሳፋርና ከቢዮርን ሊንድ ጋር በመመካከር፣ በ1960 እ.ኤ.አ. «ሪሰሲ አን» የተባለችውን በሰው ቁመት የተሠራች አሻንጉሊት አወጣ። ደረትን የመጫን ዘዴ በታወቀ ጊዜም በደረቷ ውስጥ ሞላ ተተከለላት። በ1960ዎቹ መጨረሻ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር የሚመራው «ሲም ዋን» ተሠርቶ የረቀቀው መንገድ ተጀመረ። ዓለምን ያዳረሰችው ግን ባለ ሞላዋ ቀላል አሻንጉሊት ነች።

ለመሐንዲስ ዓይን ይህች አሻንጉሊት መለኪያ መሣሪያ ናት። ልቡ ለቆመ ለአካለ መጠን ለደረሰ ሰው በሚደረገው ርዳታ ደረቱ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እንዲጎደጉድ፣ ጫናውም በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እንዲሆን፣ ከእያንዳንዱ ጫና በኋላ ደረቱ ፈጽሞ ወደ ቦታው እንዲመለስ ይፈለጋል። የሞላው ጥንካሬ ከሰው ደረት ያነሰ እንደ ሆነ ተማሪው ደካማ ጫና ይለምዳል፤ እውነተኛው ሕመምተኛ ሲቀርብም ልኩ ላይ አይደርስም። እንግዲህ የሞላው ልክ የሕይወት ልክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለአራስ ሕፃናት የምታገለግለው «ኒዮናታሊ» ደግሞ በ2010 እ.ኤ.አ. ከተጀመረው ሕፃናትን የማስተንፈስ ሥልጠና ጋር የመጣች ናት። አሠራሯ እጅግ ቀላል ነው። ሰውነቷ ውኃ ሲሞላ የአራስን ክብደትና ልስላሴ ይይዛል፤ አሠልጣኙ በእጁ የያዛቸውን ትንንሽ የጎማ ከረጢቶች በመጭመቅ የእትብቷን ምትና ትንፋሿን ያስመስላል። ኤሌክትሪክ አትፈልግም። ጭንብሉ በሚገባ ካልገጠመ ደረቷ አይነሣም፤ ተማሪዋ ስሕተቷን የምታውቀው ማንም ሳይነግራት ነው።

ይህ ለጌዴኦ ምን ትርጉም እንዳለው ማየት ይገባል። ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው ዲላ፣ ሪፈራል ሆስፒታል ያለው ዩኒቨርሲቲ ይዛለች። ሕዝቡ ግን በብዛት የሚኖረው እንሰትና ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተቀላቅለው በሚበቅሉበት ተዳፋት ላይ ነው። ይህ የእርሻ ጥበብ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ አስፍሮታል። ስሙ በቡና ከረጢት ላይ ተጽፎ ባሕር የሚሻገረው ሬኮም ከዚሁ ምድር ነው። ቡናን የሚያሳምረው ከፍታ ለወላድ መንገድ አይመችም። ዝናብ ሲጥል አፈሩ ያንሸራትታል፤ አምቡላንስ በማይገባበት ቀዬ ወላዷ በቃሬዛ ትወርዳለች። ሳያለቅስ የተወለደ ሕፃን ግን የቃሬዛን መንገድ ቀርቶ የመኪናን መንገድ ያህል እንኳ አይቆይም። ለእርሱ ሪፈራል የሚባል ነገር የለም። ያለው ርዳታ በዚያች ሰዓት አጠገቡ ያለችው አዋላጅ እጅ ብቻ ነው።

የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከ1,000 ሕያው ውልደት በ2005 እ.ኤ.አ. 123 የነበረው በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 67 ወርዷል፤ ይህም ወደ ግማሽ የሚጠጋ ቅናሽ ነው። በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ግን በዚያው ዘመን ከ39 ወደ 29 ብቻ ወረዱ፤ ቅናሹ ሩብ ያህል ነው። ክትባትና የተሻለ ምግብ የሚታደጉት ሕፃን ብዙ ነው፤ የመጀመሪያዋን ደቂቃ የሚታደገው ግን የሠለጠነ እጅ ነው።

እዚህ ላይ ከሌላ አገር የተገኘ ትምህርት አለ። በታንዛንያ ገጠር በሚገኘው ሃይዶም ሆስፒታል በ2010 እ.ኤ.አ. ሠራተኞች የአንድ ቀን ሥልጠና ተሰጣቸው። ቆይተው በአሻንጉሊቷ ላይ ሲፈተኑ ችሎታቸው ተሻሽሎ ተገኘ፤ በማዋለጃው ክፍል የሚሠሩት ሥራ ግን አልተለወጠም። ሆስፒታሉ ከዚያ በኋላ መንገዱን ለወጠ። አሻንጉሊቷ በማዋለጃው ክፍል ተቀመጠች፤ ሠራተኞቹም በሥራ ቦታቸው አጭር ልምምድ እየደጋገሙ ማድረግ ጀመሩ። በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ከ1,000 ከ11.1 ወደ 7.2 ወረዱ። በ2025 እ.ኤ.አ. የታተመና 30 የታንዛንያ ጤና ተቋማትን ያካተተ ጥናትም፣ ተደጋጋሚ ልምምድ ዋነኛ ክፍሉ የሆነ መርሐ ግብር ሞተው የሚወለዱትንና በመጀመሪያው ቀን የሚሞቱትን አንድ ላይ ከ1,000 ከ15.3 ወደ 12.5 ዝቅ እንዳደረገ አሳይቷል።

የሃይዶም ትምህርት ለይርጋ ጨፌና ለሬኮ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ቡና ቀማሽ ምላሱን የሚያሠለጥነው አንድ ቀን በተሰጠው የምስክር ወረቀት አይደለም፤ በየዕለቱ እየቀመሰ ነው። የተወው እንደ ሆነ ምላሱ ይዘነጋል። እጅም እንዲሁ ነው።

በብዙ መሥሪያ ቤት እንደሚታየው ግን ውድ ዕቃ ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆንና ወደ ግምጃ ቤት ይገባል። ግምጃ ቤቱ ይቆለፋል፤ ቁልፉም ከአንድ ሰው እጅ ይሆናል። ዕቃው ሳይጎድል በቆጠራ ጊዜ ይገኛል፤ ያመለጠው ልምምድ ግን በየትኛውም ቆጠራ አይታይም። ስለዚህ በከተማ አዳራሽ ከተቆለፈች ውድ አሻንጉሊት ይልቅ በጤና ጣቢያ ማዋለጃ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ርካሽ አሻንጉሊት ትበልጣለች።

ከዚህ በመነሣት የማኅበሩ አባላት ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ግልጽ ነው። አንደኛ፣ አሻንጉሊት የሚያልቁ ክፍሎች አሏት፤ የፊት ሽፋን፣ የሳንባ ከረጢት፣ ሞላ። እነዚህን በአገር ውስጥ ቀርጾና በልኩ ፈትኖ ማምረት ከአቅም በላይ አይደለም። ሁለተኛ፣ የአምቡ ባግ ቫልቭ ታጥቦ ሲገጣጠም ሊገለበጥ ወይም ሊጎድል ይችላል፤ የአየር መውጫውን በመዳፍ ደፍኖ ከረጢቱን መጭመቅ ማፍሰስ አለማፍሰሱን በቅጽበት ይገልጣል። ይህን ቀላል ፍተሻ በየፈረቃው መጀመሪያ የሚያዝ ደንብ ሐኪምና መሐንዲስ አብረው ሊያወጡ ይገባል። ሦስተኛ፣ በዲላ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስም የምሕንድስናም ትምህርት ይሰጣል። አንዱ ወገን የሚቸገርበትን ሌላው ለመመረቂያ ሥራው ቢወስደው፣ መደርደሪያ ላይ የሚቀረው ጽሑፍ ጤና ጣቢያ ላይ የሚያገለግል ዕቃ ይሆናል።

ክቡራን የማኅበሩ አባላት፤ ኩወንሆቨንና ሄሰ ሐኪሞች አልነበሩም፤ ላርዳልም መጫወቻ ሠሪ ነበር። ሦስቱም ያደረጉት ከሙያቸው አጥር ወጣ ብለው በሰው ደረት ላይ የሚሆነውን በመሐንዲስና በቅርጽ አውጪ ዓይን ማየት ነው። ከዚህ በኋላ የሚፈለገው አዲስ ግኝት አይደለም። የሚፈለገው በየማዋለጃው ክፍል አንዲት አሻንጉሊት፣ የማያፈስ አንድ አምቡ ባግና በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ልምምድ ነው። ይህን የሚያህል ሥራ ከመሐንዲሶች ማኅበር አቅም በላይ ሊሆን አይገባም።