ማሕፀን ሳይሟላላቸው ስለሚወለዱ ልጃገረዶች ሕክምና
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ በአደባባይ የሚነሣ አይደለም። ነገር ግን ነውር ነው ተብሎ ስለ ተሸፈነ ብቻ በልጃገረዶች ላይ ጉዳት የሚያደርስ ስለ ሆነ፥ ዝም ልንል አልወደድንም።

በጽንስ ጊዜ የሴት ልጅ ማሕፀን የሚሠራው የሙለር ቱቦዎች ከሚባሉ ከሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ነው። እነዚህ ወደ ታች ወርደው ይጋጠማሉ፤ ከዚያም በመካከል ያለው ግድግዳ ይጠፋል። ሳያድጉ የቀሩ እንደ ሆነ ማሕፀን ይታጣል፤ ሳይጋጠሙ የቀሩ እንደ ሆነ ሁለት ይሆናል፤ ግድግዳው ያልጠፋ እንደ ሆነ ደግሞ በውስጡ መጋረጃ ይቀራል። ኵላሊትም በነዚሁ ጎን ስለሚያድግ አብሮ መመርመር አለበት።

አንዱ ጉድለት ጊዜ አይሰጥም። የድንግልናዋ ቆዳ ፈጽሞ ተደፍኖ የተወለደች ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ የወር አበባዋ መውጫ ያጣል፤ በየወሩ ያማታል፤ ደሙም እየተጠራቀመ ሆዷ ይነፋል። ይህን ጊዜ ቤተ ሰቡ አርግዛለች ብሎ ሊጠረጥርና ባልሠራችው ሊቈጣት ይችላል። ሐኪም ቤት ከደረሰችም በኋላ ድንግልናዋ ይጠፋል ብሎ የሚያመነታ አይታጣም። ቀዶ ጥገናው ግን ቀላል ነው፤ ቆዳውን ከፍቶ ደሙን ማፍሰስ ነው። በመርፌ ብቻ ወግቶ መተው መግል ስለሚያመጣ አይመከርም።

ሁለተኛው ግን መቸኰል የማይገባበት ነው። ይኸውም ማየር፥ ሮኪታንስኪ፥ ኩስተርና ሃውዘር በተባሉ ሐኪሞች ስም የሚጠራው ሲሆን፥ ከ5000 ሴቶች በአንዲቱ ገደማ ይገኛል። ልጂቱ ጡቷ ያድጋል፤ የዕንቍላል እጢዎቿም ደኅና ናቸው፤ ማሕፀንና የብልት መተላለፊያ ግን የላትም ወይም ያልዳበረ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1938 እንግሊዝ አገር ማኪንዶ የተባለው ሐኪም ከገላ በተወሰደ ቆዳ መተላለፊያ የመሥራትን ዘዴ አስታወቀ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ፍራንክ ያለ ቢላዋ፥ ቀስ በቀስ በሚገፋ ማስፊያ ብቻ መተላለፊያ ሊበጅ እንደሚችል አሳየ። ዛሬ የአሜሪካ የማሕፀን ሐኪሞች ማኅበር አስቀድሞ የሚመክረው ይህን ሁለተኛውን ነው፤ ከ10 ሴቶች ለ9ኙ ያህል ይሳካል። በቆዳ የተሠራውም ቢሆን እንዳይጠብብ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ማስፊያ ያስፈልገዋልና፥ ቢላዋው ከድካሙ አያድናትም። ስለዚህ ጊዜውን መምረጥ ያለባት ራሷ ናት እንጂ ሊድሯት የተጣደፉት ዘመዶቿ አይደሉም።

በማሕፀን ውስጥ የቀረውን መጋረጃ መቍረጥ ጽንስ እንዳይወርድ ይረዳል ተብሎ ለብዙ ዘመን ተሠርቶበታል። በ2021 የታተመው ጥናት 79 ሴቶችን በዕጣ ለይቶ ሲያነጻጽር፥ ከተቈረጠላቸው 39 ሴቶች 12ቱ፥ ካልተቈረጠላቸው 40 ደግሞ 14ቱ ልጅ ወለዱ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ቢላዋ የያዘውን እጅ ቆም እንዲል ያደርገዋል።

ማሕፀን የሌላትስ? በ2014 በስዊድን አገር በጎተንበርግ ከተማ፥ ፕሮፌሰር ብሬንስትሬምና ጓደኞቻቸው ከሌላ ሴት ወስደው በተከሉት ማሕፀን ልጅ ተወለደ፤ ሰጪዋም የ61 ዓመት ሴት ነበረች። ሰውነት ባዕዱን ማሕፀን እንዳይጥለው ብርቱ መድኀኒት ስለሚወሰድ፥ አንድ ወይም ሁለት ልጅ ከተወለደ በኋላ ማሕፀኑ ይወጣል። ዋጋውም ከባድ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ አሁን ልትጠይቁን ትችላላችሁ።