ቅቤው ገበያ ሲወጣ አይቡ ለልጆች ይቅር
(በአይብ ልዩ ልዩ የቤተሰብ ምግብ ስለ ማዘጋጀት ለገበሬ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ በየቤታችን ስላለ፣ ዋጋውን ግን በሚገባ ስላላወቅንለት ምግብ ስለ አይብ ነው። አባወራዎችም አብራችሁ እንድትሰሙ የፈለግሁበት ምክንያት አለኝ። ቅቤው ይሸጥ ወይስ ለቤት ይቅር፣ አሬራውስ ለማን ይሰጥ ብለው የሚመክሩት ባልና ሚስት አንድ ላይ ናቸውና ነው።

በመጀመሪያ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። አንዲት የአገር ላም ለጥጃዋ ከተረፈው በቀን ሁለት ሊትር ያህል ትታለባለች እንበል። የ4 ቀኑ ወተት በታጠነ ዕቃ ሲጠራቀም 8 ሊትር ይሆናል። ረግቶ ሲናጥ ቅቤው ይወጣና አሬራው ይቀራል። ከዚህ አሬራ፣ በጥንቃቄ ከተሠራ፣ አንድ ኪሎ ያህል አይብ ይገኛል። የአይብ አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው፤ ቢሆንም ከአንዱ ኪሎ ውስጥ 150 ግራም ያህሉ ፕሮቲን የሚባለው ገንቢ ምግብ ነው። የልጅን ሥጋና ጡንቻ የሚሠራው ይህ ነው። አንድ እንቁላል ያለው ፕሮቲን 6 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ ያንን አሬራ መድፋት 25 እንቁላል ከመስበር ይቈጠራል። 25 እንቁላል በእጃችን ሰብረን የምንደፋ ማን አለን?

እኔም ይህን ሳላውቅ ኖሬአለሁ። ጎጆ በወጣሁ ጊዜ ቅቤውን ለቅዳሜ ገበያ አዘጋጅቼ፣ አሬራውን ከፊሉን ለጥጃ፣ ከፊሉን ለውሻ እሰጥ ነበር። አይብ የምሠራው እንግዳ ሲመጣ ወይም ክትፎ ሲኖር ብቻ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ጡት ከጣለ በኋላ እጅና እግሩ ቀጠነ፤ ጨዋታም ተወ። ታቅፌ ጤና ጣቢያ ወሰድሁት። «ቤትሽ ላም አለች ወይ?» ተብዬ ስጠየቅ «አለች» ብሎ መመለስ አሳፈረኝ። ላሟ ደጅ ቆማ፣ ልጄ በእንጀራና በወጥ መረቅ ብቻ ያድግ ነበር። ልጁ ዛሬ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነው፤ እናንተ ግን እኔ በከፈልሁት ዋጋ እንድትማሩ አልፈልግም።

አይቡ እንዴት ይሠራ?

ሁላችሁም አይብ መሥራት ታውቃላችሁ። እኔ የማሳስበው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፤ ንጽሕና። ከማለብ በፊት እጅና የላሟ ጡት በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ዕቃው ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በወይራ ይታጠን።

ሁለተኛ፤ እሳቱ። አሬራው በለስላሳ እሳት ቀስ ብሎ ይሙቅ። ሲረጋ አይቡ ተሰብስቦ ከአጓቱ ይለያል። ብዙዎቻችን ለብ እንዳለ እናወርደዋለን። ነገር ግን ላሞችን የሚያስወርደው በሽታና የሳምባ ነቀርሳ በጥሬ ወተት ወደ ሰው ሊተላለፉ ይችላሉ፤ ወተቱ ስለ ኮመጠጠ ብቻ በሽታው ጠፋ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከ65 እስከ 70 ዲግሪ ሙቀት ላይ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። መለኪያ ለሌላት እናት ምልክቱ ይህ ነው፤ እንፋሎቱ ደኅና አድርጎ ይወጣል፣ አሬራው ግን አይንተከተክም። ከዚህ ካለፈና ከፈላ አይቡ ይደርቃል፤ የማረር ጣዕምም ይይዛል፤ ልጆችም አይበሉትም።

ሦስተኛ፤ ማጥለልና ማስቀመጥ። ከቀዘቀዘ በኋላ በታጠበና በተቀቀለ ንጹሕ ጨርቅ ይጠለል። አይብ ውሃው ብዙ ስለ ሆነ ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ ተከድኖ ቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጥ፤ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥም ይበላ። ሻጋታ ከታየበት ወይም ሽታው ከተለወጠ ለልጅ አይሰጥም።

አጓቱንም አትድፉት። አፍልታችሁ የዳቦና የቂጣ ሊጥ ብታቦኩበት ወይም የገብስ ገንፎ ብታገነፉበት ምግቡን ያሻሽለዋል። የተረፈው ለጥጃው ይሁን፤ ጥጃውም ድርሻ አለው።

አራት ዓይነት ምግብ

«ልጆቻችን አይብ ይሰለቻቸዋል» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፤ ሁልጊዜ በአንድ መልክ ከቀረበ ማንኛውም ምግብ ይሰለቻል። በ8 ቀን ሁለት ጊዜ የምትንጥ እናት ሁለት ኪሎ አይብ ታገኛለች። ለአንድ ማዕድ ግማሽ ኪሎ ብታደርግ አራት ማዕድ ይሆንላታል። አራት ዓይነት አሠራር ካወቀች ቤተሰቧ አንዱን ምግብ ሁለት ጊዜ ሳይደግም ሳምንቱ ያልፋል።

የመጀመሪያው ጎመን በአይብ ነው። የጉራጌ እናቶች ለመስቀል ከክትፎው ጎን ጎመንና አይብ ማቅረባቸው ጥበብ ነው፤ እኛም ከበዓል ውጭ ብንሠራው ይጠቅመናል። አንድ ኪሎ ጎመን አጥባችሁ በደቃቁ ክተፉ። በጥቂት ውሃ ቀቅሉት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በሁለት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ አቁላሉና ጎመኑን ጨምሩ። ከዚያ ግማሽ ኪሎ አይብ ቀላቅላችሁ በለስላሳ እሳት 5 ደቂቃ አቆዩትና ጨው ነስንሱበት። የልጆቹን ድርሻ ካወጣችሁ በኋላ ለዐዋቂው ቃሪያ ወይም ሚጥሚጣ ጨምሩ። ሦስቱ ነገሮች አንድ ላይ መሆናቸው በምክንያት ነው። ዓይንን ከዳፍንት የሚጠብቀው ቪታሚን ኤ በቅጠሉ ውስጥ አለ፤ ሰውነት ግን ያለ ቅባት በሚገባ አይወስደውም። ከወተቱ ቅባቱ በቅቤ ስለ ወጣ አይቡ ብቻውን ይህን አያሟላም። ስለዚህ ቅቤ ስትሸጡ ለጎመኑ የሚሆን ሁለት ማንኪያ አስቀሩ።

ሁለተኛው የአይብ ፍትፍት ነው። የትናንቱን እንጀራ ቆራርሱ። ጥቂት ቅቤ አቅልጡና ለዐዋቂው በርበሬ፣ ለልጆች ኮረሪማ ብቻ አድርጋችሁ እንጀራውን ለውሱበት። በመጨረሻ አይቡን ጨምራችሁ ቀስ ብላችሁ አዋሕዱት። ለቁርስ የሚሆን፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ጠግቦ የሚወጣበት ምግብ ነው።

ሦስተኛው ድንች ወይም ዱባ በአይብ ነው። ድንቹን ከነልጣጩ ቀቅሉ፤ ልጣችሁ ጨፍልቁት። ዱባ ከሆነም በጥቂት ውሃ ይብሰልና ይጨፍለቅ። ከድንቹ ግማሽ ያህል አይብና አንድ ማንኪያ ቅቤ ጨምራችሁ እሳት ላይ አማስሉት። ይህ ምግብ ስድስት ወር ለሞላውና ከእናቱ ጡት ሌላ ተጨማሪ ምግብ መጀመር ለሚገባው ሕፃን ደግ ነው። ለሕፃኑ ጨው አታድርጉበት፤ ገና ትኩስ ሳለም በደንብ አልሙት። ጡቱንም አታስጥሉት።

አራተኛው እንቁላል በአይብ ነው። ሦስት እንቁላል ብቻውን ለስድስት ሰው አይበቃም። ሽንኩርት አቁላልታችሁ፣ ሦስቱን እንቁላል ከግማሽ ኪሎ አይብ ጋር መትታችሁ ብትጨምሩበትና እስኪጠነክር ብታበስሉት ግን ለሁሉም ይዳረሳል። በሞቀ ቂጣ ወይም በእንጀራ ይበላል። የቀረው እንቁላል ገበያ ይውጣ።

በጾም ጊዜስ?

ይህን ጥያቄ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም በላይ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ጾመኛው ቤት ወተት አይቀመስም። ላሟ ግን ጾም አታውቅም፤ ትታለባለች። ቅቤው ተነጥሮ ለፋሲካ ይቆያል፤ አሬራው ግን የሚደፋው በዚህ ጊዜ ነው። በልማዳችን ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጾም አይገደድም። እንግዲህ የዐዋቂው ማዕድ የጾም ቢሆንም የትንሹ ልጅ ሳሕን ባዶ እንዳይሆን፣ ለእርሱ የሚበቃ ጥቂት አይብ ለብቻ በተለየ ዕቃ ይሠራለት። ልጁ አብሮ ስለ ጾመ ጽድቅ አይጨመርልንም፤ ከከሳ ግን ሐዘኑ የእኛ ነው።

የሚተርፈውን ለማቆየት ደግሞ ከጎጃም እናቶች እንማር። እነርሱ ሜታታ አይብ የሚሉትን ያዘጋጃሉ። አጓቱ በደንብ የተንጠፈጠፈለትን አይብ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከኮረሪማና ከመሳሰለው ቅመም ጋር ያዋሕዱና አዲስ አይብ እየጨመሩ ለሳምንታት ያብላሉታል። በዚህ አኳኋን የተሠራው ከተራው አይብ ይልቅ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ጥቂቱም ወጥ ያጣፍጣል። ሙያው በእጅ የሚለመድ ስለ ሆነ፣ የምታውቅ ሴት በመንደራችሁ ብትኖር ሄዳችሁ አብራችኋት ሥሩ።

የመጨረሻው ቃሌ

ለአባወራዎች አንድ ልመና አለኝ። በእኛ ባህል አባትና እንግዳ ቀድመው ይበላሉ፤ ልጆች የተረፈውን ይጠብቃሉ። አይቡ ደግሞ ጣፋጭ ስለ ሆነ አይተርፍም። አክብሮቱ ይቆይ፤ ነገር ግን እናትየዋ ከማቅረቧ በፊት የልጆቹን ድርሻ በየሳሕናቸው ታውጣ። አባት «የልጆቹ ወጥቷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ክብሩ አይቀንስም። ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባም እናት እንዲሁ ይታሰብላት።

ቅቤ መሸጥ ይገባል፤ ጨውና ሳሙና፣ ደብተርና ልብስ በእርሱ ይገዛል። ቅቤው ገበያ ይውጣ፤ አይቡ ግን ቤት ይቅር። በሚቀጥለው ጊዜ ስትንጡ፣ አሬራውን ወደ ውሻው ገበታ ከማዘንበላችሁ በፊት 25ቱን እንቁላል አስቡ።